ሁለቱ ዓመታት የት ገቡ?

የአንባቢ ደብዳቤ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ቡቺ የሚባል ጥቁር ውሻ አለኝ። አሁን 12 ዓመቱ ነው። አምና ሐኪሙ ኩላሊቱ እየደከመ መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እኔና ስለ ቡቺ ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው። በሙያዬ ፊልም ሠሪ አይደለሁም። ያለኝ አንድ ካሜራና አንድ ማይክ ነው። እስካሁን ወደ 60 ሰዓት የሚጠጋ ቀርጫለሁ።

ፊልሙ የሚጀምረው ጌታውን ባቡር ጣቢያ ሲጠብቅ በኖረው በጃፓኑ ውሻ በሐቺኮ ታሪክ ነው። ከዚያ ቡቺ ራሱ የራሱን ታሪክ ይተርካል። ድምፁን የጓደኛዬ ትንሽ ልጅ ነች ያነበበችልኝ። ጫማዬን ቆርጥሞ ሲያፍር ‹ይቅርታ እማዬ› ስትል ሰው ሁሉ ይስቃል። የመጀመሪያውን ቅንብር ለአራት ጓደኞቼ አሳየኋቸው። ‹ደስ ይላል› አሉኝ። ሁለቱ ግን መሃል ላይ ስልካቸውን ሲነካኩ አይቻለሁ። ምኑ ነው የጎደለው?

ሁለተኛ፣ ወንድሜ ይህን ሥራ አይወደውም። ‹ሰው በችግር በሚያልቅበት ዓለም ለውሻ ፊልም?› ይለኛል። ነገር ግን አንድ ሌሊት መሬት ላይ ከቡቺ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሲያወራው፣ ሳያየኝ ቀርጬዋለሁ። ከፊልሙ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ሳልነግረው ባስገባው ምን ይመስልዎታል?

ሦስተኛውን ለመጻፍም ይከብደኛል። የቡቺ መጨረሻ ሲደርስ መቅረጽ አለብኝ ወይ?

ይቅርታ፣ ረዘመብኝ። አብረን የኖርነው 12 ዓመት ነው ብልም፣ መሃል ላይ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ስሄድ ለእናቴ ጓደኛ ሁለት ዓመት ሰጥቼው ነበር። እሱ ግን ከፊልሙ ጋር ስለማይገናኝ አላስገባሁትም።

የቡቺ ባለቤት»

ውድ የቡቺ ባለቤት፣

አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው መጨረሻዋ አንቀጽ ላይ ነው። እንግዳ ተሰናብቶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ በር ላይ ከቆመ በኋላ ዋናውን ነገር ጣል አድርጎ ይሄድ የለ? አንቺም እንደዚያ ነው ያደረግሽው። «ከፊልሙ ጋር ስለማይገናኝ አላስገባሁትም።» እህቴ፣ እኔ እስከገባኝ ድረስ ከዚያ በላይ ከፊልሙ ጋር የሚገናኝ ነገር የለሽም።

ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ጓደኞችሽ ላውራ። እኔ ብዙ ዓመት ሌላ ሰው የቀረጸውን ሳቀናብር ኖሬያለሁ። ተመልካች ስልኩን የሚያወጣው ፊልሙ መጥፎ ሲሆን ብቻ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ሲያውቀውም ያወጣል። ውሻው ታማኝ ነው። ባለቤቱ ትወደዋለች። ውሻው አረጀ። ታመመ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሰው መጨረሻውን በልቡ ጨርሶታል። ጓደኞችሽ ስለሚወዱሽ «ደስ ይላል» አሉሽ፤ እጃቸው ግን እውነቱን ተናገረ።

በሐቺኮ መጀመርሽን አልጠላሁትም። ግን ሁላችንም የምናወራው ግማሹን ነው። ፕሮፌሰር ኡዌኖ ሂዴሳቡሮ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የግብርና መምህር ነበሩ። ሐቺኮ እሳቸው ቤት የገባው በፈረንጆቹ 1924 መጀመሪያ፣ ገና ቡችላ ሳለ ነው። በሜይ 1925 ፕሮፌሰሩ ሥራ ላይ እያሉ ድንገት አረፉ። አብረው የኖሩት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ውሻው ግን በማርች 1935 እስኪሞት ድረስ፣ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሺቡያ ጣቢያ ተመላለሰ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ውሻውን ማን አበላው? ማታ የት አደረ?

መልስ አለው። ፕሮፌሰሩ ሲሞቱ ሐቺኮ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ተንከራተተ። በመጨረሻ የወሰዱት ከጣቢያው ብዙ ሳይርቁ ይኖሩ የነበሩት የፕሮፌሰሩ የቀድሞ አትክልተኛ፣ ኮባያሺ ኪኩሳቡሮ ናቸው። ጣቢያው ላይም መጀመሪያ የጠበቀው ፍቅር አልነበረም። የሚያባርረውና የሚመታው ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1932 ታሪኩ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በ1934 ሐውልት ቆመለት፤ ሲመረቅ እሱም በሕይወት እዚያው ነበር። ሲሞት ደግሞ ሆዱ ውስጥ ጥብስ ሥጋ የሚሰካባቸው ቀጫጭን እንጨቶች ተገኙ። አየሽ? የሚያጎርሰው ሰው ነበረው።

ሐውልቱ የውሻው ነው። አትክልተኛውን ግን ስንት ሰው ያነሳቸዋል? አንቺም ፊልምሽ ውስጥ አንድ አትክልተኛ አለሽ። ቡቺን ሁለት ዓመት ያበሉት፣ ያጠቡት፣ ሲያመው ያስታመሙት የእናትሽ ጓደኛ። 60 ሰዓት ሙሉ ስትቀርጪ እሳቸው አንዴም የሉበትም።

አስቢው እስቲ። የምትሠሪው የታማኝነት ፊልም ነው። የሚፈተነው ግን ሁልጊዜ ውሻው ብቻ ነው። እሱ ይጠብቃል፣ እሱ ይታገሳል፣ እሱ ይቅር ይላል። የሰውየው ታማኝነት ፈተና የት አለ? ያንቺ ፈተና ሁለቱ ዓመታት ናቸው። ልወቅስሽ አይደለም። ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ውሻ በሻንጣ ይዞ አይሄድም። ለሚያምኑት ሰው መስጠትና መንገድ ላይ መጣል አንድ አይደሉም። ስትመለሽም ሄደሽ ወሰድሽው፤ ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ግን ደብቀሽዋል። ተመልካች ደግሞ ምን እንደተደበቀ ባያውቅም አንድ ነገር እንደተደበቀ ይሸተዋል።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ቡቺ ሁለት ዓመት የበላው እሳቸው ቤት ነው። ታዲያ ልትወስጂው ስትመጪ ምን አደረገ? ሮጦ መጣ? ወይስ ዞር ብሎ እሳቸውን አየ? እሳቸውስ ገመዱን እጅሽ ላይ ሲያስይዙሽ ምን አሉ? ማታ ባዶ ቤት ሲገቡ ምን ተሰማቸው? ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?

የጠየቅሽ አይመስለኝም። መልሱ ያስፈራል። «ወር ሙሉ በሩን በሩን ሲያይ ነበር» ቢሉሽ ያምሻል። «ኧረ በሳምንቱ ለመደ፣ ደስተኛ ነበር» ቢሉሽስ? ይሄኛው የባሰ የሚያምሽ ይመስለኛል። ፊልምሽን ሊያድነው የሚችለውም ይሄኛው ነው። «ያላንቺም መኖር ይችላል» የሚል ሰው የገባበት የውሻ ፊልም ብዙ አላየሁም።

እኔም ከዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ቤት ስንቀይር ውሻችንን ለአዲሶቹ ተከራዮች ትተንላቸው ሄድን። «እዚህ ግቢውን ለምዷል፣ ይሻለዋል» አለችን እናቴ። ዓመት ቆይቼ በዚያ በኩል ሳልፍ አጥር ሥር ተኝቶ አየሁት። አወቀኝ። ተነስቶ ጭራውን ቆላ። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስለነበርኩ ያላየሁት መስዬ አለፍኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ አንቺ አስወጣሽኝ።

አሁን ስለ ትረካው። የጓደኛሽን ልጅ አመስግኛት፣ ስጦታም ግዢላት፤ ድምፅዋን ግን አውጪው። ቡቺ አይናገርም። ሰው ለውሻው ሁሉን የሚዘከዝከው እኮ መልስ ስለማይሰጠው ነው። ያንን ዝምታ በልጅ ድምፅ ስትሞዪው ፊልሙ የቡቺ መሆኑ ይቀራል፤ ቡቺን አስመስለሽ አንቺ የምታወሪበት ይሆናል። «ይቅርታ እማዬ» የሚለውን የጻፈው ማን ነው? አንቺ ነሽ። ይቅርታውንም ለራስሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።

የጫማው ቦታም እንደዚያው ነው። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል የውሾች ተመራማሪ በፈረንጆቹ 2009 ያሳተመችው ሙከራ አለ። ባለቤቶቹ ውሾቻቸውን «ይሄን እንዳትበላ» ብለው ከክፍሉ ይወጣሉ። ሲመለሱ አንዳንዶቹ ያልበላውን ውሻ «በልቷል» ተብለው ይቆጡታል። ያ ያፈረ የሚመስለው ፊት የመጣው ውሻው ስላጠፋ አልነበረም፤ ስለተቆጡት ነው። እንዲያውም ምንም ሳያጠፉ በተቆጧቸው ላይ ጎልቶ ታየ። ስለዚህ ቡቺ ጆሮውን ጥሎ ዓይኑን ሲሰብር ያየው ያንቺን ፊት ነው። ቅንብሩን እንደገና ስትሠሪው ድምፅዋን አጥፊና ቦታውን በባዶ ድምፅ እዪው። ያስቃል ወይ? እኔ እንጃ።

ዓይኑን ካነሳሁ አይቀር። በፈረንጆቹ 2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ረዘም አድርገው ሲተያዩ በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። እናትና ሕፃን ሲተሳሰሩ የሚሠራው ያው ሆርሞን ነው። ሰው ባሳደጋቸው ተኩላዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። ለቀረጻሽ ምን ማለት መሰለሽ? ዓመት ሙሉ ካሜራ ዓይንሽ ላይ ደግነሽ ነው ያየሽው። ቡቺ የሚያየው የካሜራውን መስታወት ነው፣ አንቺን አያገኝሽም። ካሜራውን ለሌላ ሰው ስጪ፣ ወይም ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሚውና መሬት ላይ ተቀመጪ። የሁለታችሁ ፊልም ነው ካልሽ አንቺም መታየት አለብሽ። ቢያንስ እጆችሽ። መድኃኒት በምግብ ውስጥ የሚደብቁት እጆች፣ ሌሊት ሽንቱን የሚጠርጉት እጆች። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፤ በሌሊት ስንቴ እንደምትነሺ እገምታለሁ። ቀርጸሽዋል?

የካሜራው ከፍታ የቡቺ ትከሻ ይሁን። ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ውሻ አሻንጉሊት ይመስላል። ደግሞ ጥቁር ነው። ጥቁር ውሻ ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ካሜራው ለግድግዳው ይስተካከልና ውሻው ቀዳዳ ይሆናል። ብርሃኑን ለፀጉሩ አስተካክይ፤ ግድግዳው ቢነጣ ይንጣ። መስኮት ዳር በጎን ሲተኛ ጠብቂው። ማይክ ግን አንገቱ ላይ እንዳታስሪ። እኔ አንዴ ሞክሬው ሁለት ሰዓት ሙሉ ኩሽኩሽታ ብቻ ነው የሰማሁት። በእጅ ተጠግተሽ ጥፍሩ ወለሉን ሲመታ፣ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲተኛ የሚያወጣትን ያቺን ረጅም ትንፋሽ ያዢ። አንድ ቀን ቤቱ ውስጥ እነዚህ ድምፆች አይኖሩም። ምስሉን ብዙ ጊዜ ታያለሽ፤ ድምፁ ግን ሳታስቢው ነው የሚጥልሽ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የታመመ ውሻ ነው። ፊቱን ሲያዞር፣ ደጋግሞ ከንፈሩን ሲልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ሲያዛጋ፣ «በቃኝ» እያለሽ ነው። ያኔ ካሜራው ይጥፋ።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ቀረጻውን ሳትነግሪው አታስገቢ። በቃ። ምርጡ ቢሆንም። ሰው ለውሻ የሚያወራው ሌላ ሰው እንዳይሰማው ነው። በድብቅ ብታሳዪው ውሻን አምኖ ያወራውን ወንድምሽን ራቁቱን ታወጪዋለሽ፤ ከዚያ በኋላ አጠገብሽ ከቡቺ ጋር የሚቀመጥ አይመስለኝም። ለብቻው ጠርተሽ አሳዪው። መጀመሪያ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ። «አይሆንም» ካለ አይሆንም ነው። «ድምፁን አጥፊና ተጠቀሚበት» ካለ ደግሞ ከነድምፁ የበለጠ ሊያምር ይችላል።

«ሰው እያለ ለውሻ?» ለሚለው ግን መልስ አለሽ። በፈረንጆቹ 1914 በጀርመን ከተማ በቦን አጠገብ፣ ኦበርካስል በሚባል ቦታ ድንጋይ የሚፈልጡ ሠራተኞች መቃብር አገኙ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ ከእነሱም ጋር አንድ ውሻ። የመቃብሩ ዕድሜ 14,000 ዓመት ገደማ ነው። ያኔ እርሻ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው እያደነና እየለቀመ ነው የሚኖረው። ብዙ ቆይቶ ተመራማሪዎች የውሻውን ጥርሶች ሲመረምሩ ምን አገኙ? ወደ ሰባት ወር ገደማ የሆነው ቡችላ ነበር። ከመሞቱ በፊት ዲስቴምፐር በሚባለው ከባድ የውሾች በሽታ ለሳምንታት ሲማቅቅ ቆይቷል። ያን ያህል የቆየው የሚያጸዳው፣ የሚያሞቀው፣ ውሃ የሚያቀርብለት ሰው ስለነበረው ነው ብለው ይገምታሉ። አድኖ አያመጣ፣ ቤት አይጠብቅ። የማይጠቅም በሽተኛ ቡችላ። ከዚያ አብረው ተቀበሩ። ወንድምሽ ክርክር ሲጀምር ይህን ንገሪው፤ ከዚያ ዝም በዪ። ያን ሌሊት መሬት ላይ ተቀምጦ ያደረገው ተመሳሳይ ነገር ነው፣ እሱም ያውቀዋል።

በነገራችን ላይ ፊልሙን በሐቺኮ ፋንታ በዚህ ብትጀምሪው ይሻልሽ ነበር። ግን ያንቺ ፊልም ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ። መቅረጽ ትችያለሽ፤ ካሜራውን የምትይዢው ግን አንቺ አትሁኚ። በዚያች ሰዓት እጅሽ እሱ ላይ ይሁን። ሐኪሙ በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግ ይሻላል ካለሽ፣ ቀደም ብለሽ ሁሉንም ጠይቂው፤ ለመቅረጽም ፈቃዱን ያኔውኑ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል። ቀጥሎ ከመጠን ያለፈ ማደንዘዣ። ፈጣን ነው። ዓይኑ አይከደንም። ካረፈ በኋላም አንድ ጥልቅ ትንፋሽ ወይም የጡንቻ መንቀጥቀጥ ሊኖር ይችላል። ሕመም ተሰምቶት አይደለም። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ይደነግጣል፣ ስለዚህ ነው የምነግርሽ። ካሜራ ይከብደኛል ካልሽ ድምፅ መቅጃውን ብቻ ጥግ ላይ አስቀምጪ። ወይም ምንም አታስቀምጪ። ቀረጽሽ ማለት ደግሞ ታሳያለሽ ማለት አይደለም። ዓመት ሳይሞላው አትክፈቺው። እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ፊልሙ ውስጥ የማስገባው በማግስቱ ጠዋት ባዶውን የውሃ ሳህን ማን እንዳነሳው ነው።

ስለ 60 ሰዓቱ ብዙ አልልም። ሁለት ቦታ ገልብጪው፣ አሁኑኑ። እያንዳንዱን ቀረጻ በቀን ሰይሚው። ከዚያ 25 ደቂቃ ይበቃሻል። ደክሞሽ ለሳምንታት ብታቆሚውም ችግር የለውም፤ ቡቺ ፊልም መሆኑን አያውቅም።

ከሁሉ በፊት ግን ለእናትሽ ጓደኛ ደውዪ። «ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ፣ ስለ ቡቺ ነው» በያቸው። መታመሙን ያውቁ ይሆን? አልነገርሻቸው ከሆነ ይህን የማወቅ መብት አላቸው፤ ከፊልሙም ይቀድማል። ቡቺን ይዘሽው ሂጂ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራ አትያዢ። ሲያያቸው የሚሆነው ነገር በፊልም ሳይያዝ ቢቀር ይቅር፤ ያቺ ደቂቃ የሁለቱ ናት። በሁለተኛው ቀን አስፈቅደሽ ቅረጪ። አንድ ጥያቄ ጠይቂና ካሜራውን ሳታጠፊ ረጅም ጊዜ ዝም በዪ።

ከመሄድሽ በፊት ጉዞው ይከብደው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ከከበደው እሳቸው ይምጡ።